አፎት

ጀህራ፣ ከተማው ጠርዝ፣ ጋራዦቹ መንደር፣
ጎማ ከሚነፋው ከሶርያዊው ጎን በር፣
ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በአንድ ክንድ ቦታ
እኔና ድልመራድ፣ ከጧት እስከ ማታ።

እሱ ባሉቺ ነው፤ ብረት ያናግራል።
ከወደቀ መኪና ባሊስትራ ፈትቶ እሳት ውስጥ ይሰዳል፤
ይቀላል፣ ይገረጣል፣ እንደገና ይቀላል፣
ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ እንደ እባብ ያፏጫል።
«አትቸኩይ» ይለኛል፣ ዐረብኛው ስብርብር፣
«ብረት ቂመኛ ነው፤
ዛሬ ብትበድይው ዛሬ አይናገርም፣
አዳኙ ሜዳ ላይ ሲያምነው ነው የሚከዳው።»

የኔ ድርሻ ቆዳው። የግመል ጀርባውን
ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌው ሌሊቱን፣
ጧት ሲለሰልስልኝ እንደ ቦካ ሊጥ
ቢላዋውን መሐሉ አስተኝቼ ቀጥ፣
ዳር ዳሩን በአውራ ጣት ተጭኜ፣ ተጭኜ፣
ቅርጹን አስይዤ፣ ወስፌዬን መዝኜ
እወጋለሁ፤ እስባለሁ፤ አንድ ጥልፍ፣ ሌላ ጥልፍ፣
ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ ሲተላለፍ።
ክሩ ሰም የጠጣ፤ ሰሙ ጥፍሬ ሥር ይቀራል፣
ወርቁ ከገዢው ጣት ላይ ያበራል።

ጥፍሬ ግን ከድሮም ይሄን ሽታ ያውቃል።

አባቴ ደምለው ቆዳ ፋቂ ነበር።
ፈረስ ቤት ገበያ፣ ከሁሉ ወዲያ፣ ከገደሉ ድንበር፣
ነፋስ ከሰው ወደሱ በሚነፍስበት
እንዲቀመጥ ነበር የተፈረደበት።
ጠፍሩን ይገዙታል፤ ዋጋውን ግን መሬት
ይጥሉለት ነበር፣ እጁን ላለመንካት።
የደብሩ ዳዊት የሚያድርበት ማኅደር
እሱ የሰፋው ነው፤
መሽቶበት ደጅ ሲጠና ግን
«ቤት ለእንግዳ» ያለው ሰው አልነበር።

እኔም ከዳሁት።
የኤጀንሲው ጸሐፊ፣ ቅጽ እየሞላልኝ፣
«የአባትሽ ሥራ?» ብሎ ሲጠይቀኝ
«ገበሬ» አልሁት።
ጻፈ። ማኅተም መታበት።

እዚህ ሱቅ ያደረሰኝ አፌ ነው።
ከጎኑ ላውንድሪ ልብስ ስተኩስ እውል ነበር፤
አንድ ቀን ድልመራድ ቆዳውን በሆዱ በኩል ሲቆርጥ አየሁ፣
አላስችል አለኝ።
«ሆድ ይለጠጣል፤ በጀርባው ቁረጠው» አልሁ።
ቀና ብሎ አየኝ። ከየት አወቅሽ አላለኝ፤
መቁረጫውን አዙሮ፣ በእጀታው በኩል፣ ሰጠኝ።

ትናንት ሙጥላቅ መጣ፣ ጭልፊቷን ክንዱ ላይ፣
ዐይኗ በቆዳ ቆብ ተሸፍኖ፣ ቀን ሳታይ።
አደን ሊሄድ ነው፣ በረሃ ተሻግሮ።
ቢላዋውን መዘዘ፤ መለሰ፤ ጆሮውን አስጠጋ፤
ጠቅ።
ደግሞ መዘዘ። ጠቅ።
አምስት ዲናር ካስቀነሰ በኋላ
«አፎቱስ የማን እጅ ነው?» አለ።
ድልመራድ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።
ሰውየው የኔን ድርሻ
መዳፌ ላይ ቆጠረ።
መዳፌ ላይ።
«ነገ እወስደዋለሁ፤ ምልክታችሁን ምቱበት» ብሎ
ወፉን እያባበለ ሄደ።

ማታ ድልመራድ ብረቱ ላይ ዓሣውን መታ፣
ባሕር ዳር ያደገ ሰው ነው፤ ከዓሣ ሌላ ምን ይመታ?
«ያንቺስ?» አለኝ።
የለኝም ልል ነበር።
ወስፌዬን አነሣሁ፤ የአፎቱን ከንፈር ገልበጥ አድርጌ
ሦስት ነጥብ ወጋሁ፣ ጎን ለጎን፣ ጠጋ ጠጋ፣
አባቴ ከማኅደሩ ውስጥ፣ ቄሱ በማያዩት በኩል፣ እንደሚወጋ።

ከውጭ አይታይም።
ዓርብ ለት ያገሬ ልጆች፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣
«የማን ልጅ ነሽ?» ቢሉኝ
ያንኑ ገበሬ ነው የምጠራው፤ ገና ነኝ።
ብቻ ስለት ነበረብኝ፣
ስለቱ ገባልኝ፤
በወጣ፣ በገባ ቁጥር
እነዚያን ሦስት ነጥቦች ሲዳስስ ይኑር።