መጣፊያ

ግራንድ ማሬ ላይ ሐይቁ በረዶውን ሲሰብር፣
ሶልቬግ ካያኳን ገልብጣ ሆዱን ስትመረምር፣
አገኘኋት ጋራዥ ውስጥ፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣
አውራ ጣቷ ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያይ።

«ያዥልኝ» አለችኝ የፀጉር ማድረቂያውን፣
«ካልሞቀ ፕላስቲኩ አይቀበልም ቴፑን።
በአልኮል ጥረጊው፣ ቅባት ጠላቱ ነው፤
ማዕዘኑን በመቀስ ክብ አድርገሽ ቁረጪው፤
ሹል ጥግ ካገኘ ውኃም ጥፍር አለው፣
እንደ ነገረኛ ከዳር ነው 'ሚጀምረው።»

የድሮውን መጣፊያ ልላጥ ብዬ ጫፉን ሳነሣ፣
ከሥሩ ሌላ ወጣ፣ ግራጫ፣ ጠርዙ የሳሳ፤
በላዩ የእርሳስ ጽሑፍ፦ «ነሐሴ። ድንጋይ መታኝ።
ሶልቬግ ከሰማች፣ ብቻዬን ዳግም አትለቀኝ።»

የአርቪድ ጽሑፍ ነው። ካረፈ ሦስት ክረምት አልፏል።

ሳቀች። ሳቀችና በእጅጌዋ አፏን ያዘች፤
«ተዪው፣ አትላጪው፤ እርሳሱን አቀብዪኝ» አለች።
እሱ ከጣፈበት ጎን እሷም ጣፈችበት፦
«ሚያዝያ። ሰማሁ።»
አዲሱን ቴፕ ቀስ ብላ ከላይ ጫነችበት፣
በማንኪያ ጀርባ አሸችው፣ አንድም አረፋ ሳይቀርበት።