ሃምሳ ሎሚ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ጥቁር አንበሳ ጀርባ፣
ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ መብራት ሄዶ እስኪገባ፣
ሁለት ጠርሙስ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እንደ መንታ እናት ታቅፌ፣
ሙቀታቸው እንዳይጎድል በጋዋኔ ደግፌ።

ከአንዲት ሴት ጡት የተነሡ ናቸው፤ ስሟን ማንም አያውቅ፣
የቀራት ቁጥር ብቻ ነው፣ በማርከር የተጻፈ፣ አልኮል ሲነካው የሚለቅ።

አንደኛው ላይ ሳሳ አድርጌ ዘራሁ፣ ንፉግ ጤፍ እንደሚበትን፤
ሌላው ላይ ትከሻ ለትከሻ፣
የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ነው፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፤
መላወሻ የለ፣ መሸሻ።

ቀዩን መድኃኒት ሰጠኋቸው፣ ለሁለቱም እኩል፣
ጠብታው በጠብታ ተለክቶ፣ ሳይጎድል፣ ሳይታከል።

ሲነጋ መብራቱን አጥፍቼ በማይክሮስኮፑ ሳይ፣
ብቸኞቹ ነደው አድረዋል፤ የያንዳንዱ እምብርት ቀይ፣
የተገለጠ ፍም።
በጥቅጥቁ ሰፈር ግን ደብዘዝ ያለ ወገግታ፤
አንዱም ጠግቦ አልጠጣ፣ አንዱም በወጉ አልተመታ።
መርዙን አልመከቱትም። ተካፈሉት።

ሳቅሁ፤ ከድካም ይሆናል።
«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አልኩ፤
ይህን ተረት ለካንሰር ማን ነገረው? ማን አስጠናው ከነትርጉሙ?

ዶክተር ምናሴ አልሳቁም።
«ስንት ሴል እንደዘራሽ ካልጻፍሽ» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣
«የመድኃኒቱ መጠን ብቻውን ግማሽ እውነት ነው።»
ጻፍኩ።

እኔ ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ለአሥራ አራት ቤት አንድ ቧንቧ።
አባቴ የሞተ ለት ለቅሶውን ተሻምተው ወሰዱት፤
አንዷ ከነነጠላዋ፣ አንዱ ከነሥራ ልብሱ፤
ለኔ የተረፈኝ ጭልፋ አይሞላም ነበር።
ዛሬ ሰፈሩ ሰፊ መንገድ ነው፣ ዳር ዳሩን አበባ የተተከለበት።
የዕድሩ ድንኳን ማን ዘንድ እንደቀረ አላውቅም።

ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እትዬ አስካለች ተኝታለች፣
የግድግዳ ጎረቤታችን የነበረች።
ያው ቀይ መድኃኒት ነው በክንዷ የሚወርደው፣
ጠብ፣ ጠብ፤ ሙሉው ለሷ፣
የሚሻማት የለም።

«ምን ስትሠሪ አደርሽ?» አለችኝ።
«ስቆጥር።»
«ስንት ደረሱ?»

ወንበሩን አስጠጋሁ።