ቀይዋ ሦስት ማዕዘን

ለሦስተኛ ጊዜ ጋልሳን ተመለሰ፣
የሚያዝያን አቧራ እንደ ካፖርት ለበሰ።
«ያቺ ቀይ ሦስት ማዕዘን አሁንም በርታለች፣
ባጠፋሻት በሳምንት ደግማ ነቅታለች።»

ጋራዤ ከኡላንባታር ዳር፣ ከድንኳን ሰፈሩ ዳገት ሥር ነው።
መኪናዋን አውቃታለሁ፤ መሪዋ በቀኝ፣ ነፍሷ ሁለት፣
ግማሹ ቤንዚን፣ ግማሹ ኤሌክትሪክ፤
ከጃፓን በስተርጅና የመጣች፣
ቁልፍ በዞረ ቁጥር በባዕድ ቋንቋ ሰላም የምትል፣
ሁለታችንም ሳይገባን «እሺ» የምንል።

መጀመሪያ ቀን መመርመሪያዬን ከመሪው ሥር ሰካሁ፣
ፊደልና ቁጥር ሰጠኝ፤ አነበብኩ፣ ሰረዝኩ፣ ረካሁ።
መብራቷ ጠፋች። ቱግሪኬን ተቀበልኩ። ጋልሳን ሄደ።
(ስሕተትን መሰረዝ፣ መጠገን መስሎት እጄ ለመደ።)

በሁለተኛው ትንሿን ባትሪ ከኋላ ነቀልኩ፣
ጫፏ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ በአዲስ ቀየርኩ፣
የመሬት ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ።
ቮልት ለካሁ፣ ሽቦ በሽቦ፤ ሁሉም «ደህና ነኝ» አለ፤
ዳገቱ ላይ ግን ያ ቀይ ዓይን ተንቀለቀለ።

ጎረቤቴ ቱርባት፣ ጎማ ነፊው፣ ከደጃፉ ሆኖ ሳቀ፤
«ጥቁር ፕላስተር ለጥፉባት! ያላየ ዓይን መች ተጨነቀ?»
አልሳቅኩም። ያንን ፕላስተር አውቀዋለሁ፣
ከብዙ መኪና ላይ በጥፍሬ ልጬዋለሁ፤
ከሥሩ መብራቱ ለማንም ሳይታይ በርቶ፣
ባለቤቱ እያፏጨ ሲነዳ፣ ዘይቱ ደርቆ፣ ሞተሩ ሞቶ።

ዛሬ መመርመሪያውን ከመሳቢያው አላወጣሁም።
«መቼ ነው የምትበራው?»
«ዳገት ላይ።»
«ባዶህን?»
ቆቡን አውልቆ አሰበ። «ባዶዬን እንኳ… አይመስለኝም።
ስጭን ነው።»
«ምን?»
ጣቶቹን ቆጠረ።
«ብርዱ ካበቃ ወዲህ…» ብሎ ጀመረ፣
«ሲበጠሩ የእህቴ የዶልጎር ፍየሎች፣
ስሱ ጠጉር በኋላ ወንበር፣ እስከ ጣራ የታጨቁ ስልቻዎች፣
አንዳንዴም ግልገል» አለ፤ ይህን ቀስ ብሎ ነው፣
እንደ ሰረቀ ሰው።

የኋላውን በር ከፈትኩ።
ከወንበሩ ጎን አንዲት የአየር መስኮት አለች፤
ትልቁ ባትሪ፣ ጀርባው ተደብቆ፣ በእሷ ነው የሚተነፍሰው።
የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ፣
የልጅ ግንባር ትኩሳት እንደሚዳሰሰው።
ምንም። ንፋስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ የለም ጨርሶ።
ስድስት ብሎን ፈታሁ፣ የአንዱ ጥርስ አልቋል፤
ማራገቢያው ተኝቷል፣ ባና ለብሶ።

ሁለት የማበጠሪያ ወራት ሲስብ፣ ጠጉር በጠጉር ሲደርብ፣
እኛን የሚያሞቀው ነገር እሱን ሊፈጀው ሲቀርብ፣
ያቺ ቀይ ስትጮህ ከረመች፤
እኔ አፏን ስይዝ ከረምኩ።

በወረንጦ ለቀምኩት። ጋልሳን ጎኔ ተንበርክኮ
በመዳፉ ይቀበላል። ጭብጥ ሙሉ ሆነ። በዓይኑ መዘነው።
«ይሄ እኮ ይሸጣል» አለ።
ዝም አልኩ። እውነቱን ነው።

ቁልፉን አዞረ። ባዕዷ ድምፅ ሰላም አለችን።
መብራቶቹ እንደ ወጋቸው ሁሉም በሩ፣ ተራ በተራ ጠፉ።
ቀይዋ ዘገየች።
ከኋላ አንድ ነገር፣ ቀስ ብሎ፣ ሽ… አለ፤
ጠፋች።
አንዲት ቢጫ ብቻ ቀረች። «እሷስ?» አለኝ ደንግጦ።
«ነዳጅህ ነው፤ እሷን እኔ አላክማትም።»

ዳገቱን ሲወጣ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ፣
አቧራው እስኪውጠው።
ሲመሽ በሬ ተንኳኳ።
ቱርባት ነበር፤ የጂፑን ቁልፍ በአንድ እጁ ይዞ፣
በሌላው ጣቱ ላይ
የተላጠ ጥቁር ፕላስተር አልላቀቅ ብሎት።