እስኪመለስ ቅርፊቷ

ነሐሴ እኛ ዘንድ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፤
እነሱ አገር ግን የእሳት ወር ስም ነው።
በፖርቱጋል ደቡብ፣ አለንቴዦ ሜዳ
ሬንጁ እንደ ቅቤ ይቀልጣል ማለዳ።
ከእሳት አደጋው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ዲዮሊንዳ አለች፣ ከስልክ ጋር ስትኖር።

«ከየት ነው የሚደውሉት? ጭሱ በየት ዞሯል?
በታች በኩል ይውጡ፣ መኪናው ተልኳል።»
ድምፅዋ እንደ ጠራ ውሃ ይፈስሳል ቀስ ብሎ፣
እጇ ግን ይርዳል ከጠረጴዛው ሥር ተከልሎ።

አንድ ሽማግሌ ደወለ፤ ስለ ራሱ አልነበረም፤
«አህያዬን ሳልፈታት ወጣሁ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
መስመሩ ተቆረጠ።
ተፈትታ ይሆን? ማንም አልነገራት፤
ሌሊት በጆሮዋ ገመድ ይጎተታል፣ እንቅልፍ ሊነሳት።

«እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና»፤ ጠዋት «ደህና»፣ ማታ «ደህና»፤
ቃሉ ውስጡ አልቆ ቀፎው ብቻ ቀረና
እሱኑ ታነሳለች፣ እሱኑ ታስቀምጣለች፣ እንደገና።

አንድ ምሽት ልጇ ኢናሲያ ከጓዳ «እማ!» አለች፤
«ከየት ነው የምትደውዪው?» ብላ መለሰች።
ልጅቱ ሳቀች። እናት አልሳቀች።
ከማቀዝቀዣው ውስጥ ሳሙናውን አየች፤
ማን ከተተው ብላ ልትቆጣ ስትል
የገዛ እጇን አሸተተች።

ቤልሚሮ የሚባል ቡሽ ገፋፊ ነበረ፣
ከአባቷ ጋር መጥረቢያ ይዞ የኖረ።
እሑድ መጣ። ምክር አልያዘም፤ አንድ ፌስታል በለስ፤
«ነይ» አላት፣ «ከዛፎቹ ጥላ ትንሽ እንመላለስ።»

ዛፎቹ ቆመዋል ቆዳቸው ተገፎ፣
ቀይ ሥጋ መስለው፣ ቅርፊቱ ተራግፎ።
አንዷ ግንድ ላይ በነጭ ቀለም አራት ቁጥር አለ።
«ይህ ምንድን ነው?» አለች።
እዚያው ነው ያደገች፤ ታውቀዋለች፤
ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ፈለገች።

«የተገፈፈችበት ዓመት ነው፤ ሁለት ሺህ ሃያ አራት።
ዘጠኝ ዓመት ማንም መጥረቢያ አያሳያት።
ቡሽ ቢወደድም፣ ባለዕዳ በር ቢመታ፣
ቁጥሯን አንብበን እናልፋለን በጸጥታ።
ከቅርፊቱ ሥር ስስ ገላ አለ፣ ‘እናት’ እንለዋለን፤
መጥረቢያው እሱን ከነካ ዛፏን እናጣለን።
ጎበዝ ገፋፊ ብርቱ የሚመታ አይደለም፤
የት እንደሚቆም ያወቀ ነው። ሌላ ጥበብ የለም።»

በለስ ላጠች፤ አልበላችም።
«እኔ ባልኖር ስልኩን ማን ያነሳል?» አለች።
«እሷ ስታርፍ» አላት፣ «ጎረቤቷ ትሰጣለች።»

በእኛ አፍ ሰው ሲሞት «አረፈ» ይባላል፤
በቁሙ ያረፈ ሰነፍ ይመስላል።
እሷ ግን በቁሟ ልታርፍ ሰኞ ለት ተነሣች፣
አለቃዋ ዘንድ ገብታ «ደህና አይደለሁም» አለች።
ሁለት ቃል ናት፤ ከሁለት ወር እሳት ይልቅ ከበደቻት።
ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ወንበር ሳበላት።
«እኔም» አለ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣
ፊሎሜና የምትባል ሐኪም ፊት ትቀመጣለች፤
አንዳንዴ ታወራለች፣ አንዳንዴ መስኮት ታያለች።
ስለ አህያዋ ያወራችው በአራተኛው ሐሙስ ነው፤
አለቀሰች። ለአህያ! ወይስ ለማን ነው?

አልዳነችም ገና። ቡሽ ባንድ ሌሊት አይበቅልም፤
ጭስ ሲሸታት እግሯ ዛሬም አይታዘዝም።
ግን ኢናሲያ ክንዷን ይዛ በእስክሪብቶ
አራት ቁጥር ጻፈችባት።
«እስከ መቼ ነው?»
«እስክትመለሺ» አለቻት።

ትናንት ማታ የቤቱ ስልክ ጮኸ።
እጇ ሊነሣ አለ፤ የደረቀ በለስ ይዞ ነበር።
አንዴ ጮኸ፤ ሁለቴ፤ አምስቴ፤ ዝም አለ።
በመስኮት አየች፦ ኮረብታው ጥቁር ነው፤ በቦታው አለ።
«ማን ይሆን?» አለች ልጅቱ።
«ነገ ይደውላ» አለች፣ በለሱን ገመጠች፤
ጣፋጭ ነበር።