ከፋይ

ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ከፋይ ብዬ ጠራኋት፤
ጅረን መውረጃ ላይ፣ ዋንዛ ሲቆረጥ፣ ከቅርንጫፉ ጋር ወድቃ አገኘኋት።
በሻሽ ጠቀለልኳት። የባጃጁ ሾፌር «እባብ ነው?» አለኝ፤
«እስስት ናት» ስለው ይብስ ተሳቀቀ፣ እጥፍ አስከፈለኝ።

ሂርማታ ስደርስ ሰፈሩ ተጠራ፤
«በቀዩ ላይ አርጋት! በቢጫው ሞክራት!» ይሉኛል በተራ።
ጣቃውን ዘረጋሁ። በቀዩም፣ በቢጫውም ላይ
ጥቁር ሆነች እንጂ፣ ጥቁር፣ እንደ ሐምሌ የጅማ ሰማይ።
«ይቺስ እስስት አይደለችም» ብሎ አባ ዱራ ሳቀ፤
ብርድና ፍርሃት መሆኑን ግን ያኔ ማን ዐወቀ።
የተነጠፈላትን ጨርቅ መች ታነባለች፣
ቆዳዋ ላይ ጽፋ የምታወጣው የውስጧን ነው እንጂ፣ መዋሸት የት ታውቃለች።

በሰሃን ውሃ ሰጠኋት፤ ዞራም አላየች።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምላሷን ሳታርስ፣ እንጨቷን ጨብጣ ዋለች።
ዐይኗ፣ ክሩ ከልክ በላይ እንደጠበቀ ቁልፍ፣
ወደ ውስጥ ሰረጎደ፤ እኔም እላለሁ «ትንሽ ስታርፍ፣ ትንሽ ስታርፍ።»
በአራተኛው ሌሊት ዶፉ መጣ፤ ቆርቆሮው እንደ ልማዱ አፈሰሰ፣
ጠብታው ከቅጠል ቅጠል ተንጠባጥቦ አፏ ደረሰ።
አንገቷን አስግጋ ጠጣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሠላሳ ቆጥሬ ተውኩት፤
ጣራዬን ላስጠግን የያዝኩትን ብር ለሌላ አደረግኩት።
አሁን በካውያ ማርጠቢያው መርጫ፣ ማለዳና ማታ፣
ቅጠሉን አዘንባለሁ፤ እሷም ትጠጣለች በርጋታ።

ፌንጣ የሚያመጣልኝ ሙባረክ ነው፣ ከቦዬ ሣር፣ ባንድ ብር አንዱን፤
አንድ ቀን ሰንፎ፣ መድኃኒት ከተረጨ የጫት ማሳ ለቅሞ ሸጠልኝ ጉዱን።
ሁለት ቀን እግሯ እንጨት መጨበጥ አቃተው፣
እኔም መቀስ፤ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቆረጥኩት ባት ነው ብዬ ስስተው።

ደግሞ ተረፈች። ደግሞ ክርኗ ጎበጠ።
ቢፍቱ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ነጭ ጋውኗን ላሳጥርላት መጥታ፣
ዐይኗ እሷው ላይ ቀረና ፊቷ ተለወጠ።
«ፀሐይ ታገኛለች?»
«አምፖል አለኝ።»
«ያንተ አምፖል ሙቀት እንጂ ፀሐይ አይሆንም፤
በመስታወት በኩል የገባም አይቆጠርም።»
የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ አላምኩት፤
ፌንጣውን፣ ልክ እንደምቆርጠው ጨርቅ፣ በነጭ ዱቄት ቀባሁት።
በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጉሙ ከአዌቱ ላይ ሲነሣ፣
የሽቦ ቤቷን ዘይቱኑ ላይ እሰቅላለሁ፤ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ፤ ምርጫው የራሷ።
እጄ ላይ አላወጣትም እንደ ድሮ፤ ባያት ይበቃል፤
መያዝ ለያዡ ነው ፍቅር የሚመስለው፤ የተያዘ ያውቃል።

አባ ዱራ ቃሉን ያጠፈ ደላላ ባማ ቁጥር «እስስት!» ይለዋል።
«ኧረ ተው» እላለሁ፤ «እሷ እንኳ የታመመች ቀን ጠቁራ ትታያለች፤ ያንተ ደላላ ምኑ ይታያል?»

አንድ ጠዋት፣ መርጫዬን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ዐይኗን ሳየው፣
ኑሪያ ከኋላዬ፦ «የኔንስ መቼ ነው ያየኸው?»
ዞርኩ።
ቁልፉ ጠብቋል። ክሩ ወደ ውስጥ ስቦታል።
«ሦስት ወር አልተኛሁም» አለች፤ «ደረቴን ይወጋኛል።»
«ደህና ነኝ ትይኝ ነበር እኮ!»
«እሱማ እላለሁ» አለች፣ የሻሿን ጫፍ እያጠፈች፣ «የኔ ቆዳ ቀለም አይለውጥም።»
መርፌው ጨርቁ ውስጥ ቀረ፤ ያ ሱሪ እስካሁን አላለቀም።

ወንበር አወጣሁላት ዘይቱኑ ሥር፣ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ፤
ጎን ለጎን ዋሉ፣ እኔ ቆሜ ሳይ።
አንዷ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነች።
አንዷ ዐይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን፣ ደንበኛ የሚጎርፍበት፤
የሆስፒታሉን ካርድ ደረት ኪሴ ከትቼ፣ መርጫውን ለሙባረክ ሰጥቼ፣
በሩ ላይ በጠመኔ፣ የቅርፊቱ ይሁን የልብሱ እንጃ፣
«ዛሬ የለንም» ብዬ ጻፍኩበት።