አፈር ስሆን

እኔ ሥር አጣቢ ነኝ፤
ሌላ ማዕርግ የለኝ።
ኧርባና፣ ኢሊኖይ፣ የእርሻ ምርምሩ ምድር ቤት፣
ከቀዝቃዛ ቧንቧ ግርጌ፣ ጣቴ በላስቲክ ጓንት ውስጥ ሲሞት፣
በሐምሌ የተነቀለ በቆሎ፣ በየስሙ ተደርድሮ፣
በየከረጢቱ ታስሮ፣ በየቁጥሩ ተሰፍሮ፣
ከነጭቃው ይመጣልኛል፤
ቀስ ብዬ አራግፈዋለሁ፤ የሚወድቀው ይወድቃል።
ሥሩን የሙጥኝ ያለውን ያን ስስ አፈር ግን
በማንኪያ ጠርጌ እይዘዋለሁ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን።

በዚያች በማንኪያ አፈር ውስጥ
አገር አለ የሚራወጥ፤
ዓይን የማያየው ሕዝብ፣ ስም ያልወጣለት ገና፣
የሚያበስል፣ የሚያቦካ፣ የሚያፈርስ፣ የሚያቀና።

አለቃዬ ሎርና ሃልቨርሰን ለወሬ ጊዜ የላትም፤
«ተክል» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ብቻውን በልቶ አያውቅም።
ፀሐይ ካበሰለችው ስኳር፣ ሥር ቆርሳ ወደ ታች
ለማታየው ጎረቤት ገበታ ትዘረጋለች።»

ገበታ ሲባል ለእኔ ያለ ግብዣ ቃል አይሆንም፤
«በሞቴ» ካልተባለ ደፍሮ የሚጎርስ የለም።
የድሮውን በቆሎ ሥር ሳጥብ የሰማሁ ይመስለኛል፣
«ብሉልኝ እንጂ! አፈር ስሆን!» እያለ ይለምናል።
(አፈር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?)

የድሮውን ዘር ያመጣው ዴልበርት ክሩግ ነው፤ የቶሎኖ ገበሬ፣
ከጎተራው ጓሮ በየዓመቱ አንድ መስመር፣ ጥቂት ፍሬ፣
አባቱ ሲዘራ ስላየ፣ እሱም ሲዘራ የኖረ፤
ልጅ የለውም፤ «ዘሬ ይኸው» ብሎ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
አገዳው ቀጭን፣ ነፋስ የሚጥለው፣
ራሱ ከመዳፍ የማያልፍ፣ ገበያ የማያውቀው።

አዲሱን ደግሞ እዩት! ሰልፈኛ ነው፣ ቀጥ ያለ፣
ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ እንደ ወታደር የበቀለ።
ራሱ ክንድ ያክላል፤
ረሃብን የሚያህል ጠላት አባሯል፤ ማን ይወቅሰዋል?
ሰባ ዓመት፣ ሰማንያ ዓመት፣ የመረጡት ሁሉ ቆመው ነው፤
ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያየው፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ማነው?
ማዳበሪያው በቱቦ ቀረበለት፤ ሳይጠይቅ ጠገበ፤
ማንንስ ብሎ ይለምን? ደጁን ዘጋ፣ ገበታውን ሰበሰበ።

ባለፈው ነሐሴ የዘር ኩባንያ ሰዎች ሊጎበኙን መጡ፣
ራሱን ለኩ፣ አገዳውን ለኩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተቀመጡ፤
ሥር ባሳያቸው አንዱ ጫማውን ጠርጎ ፈገግ አለ፤
አገር ሲረግጥ፣ ጭቃ የረገጠ መሰለው እንጂ ሌላ መች አስተዋለ?

እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ ማንኪያዬ ግን ይናገራል፤
ያው ማሳ፣ ያው ጭቃ፣ ሌላ ሕዝብ ሰፍሮበታል።
ከአየር ምግብ የሚያወርደው ሳስቶ፣ ምግቡን ለአየር የሚበትነው በዝቷል፤
የተረፈውም በጠፍ ጨረቃ፣ ቦይ ለቦይ ወርዶ ወንዝ ገብቷል።

በመስከረም አንድ አመሻሽ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ሰጠችኝ፤
የዴልበርትን ዘር ከአዲሱ ያዳቀለችው ነው፤ «ቀስ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።
ነቀነቅኩት፤ አልረገፈም። መታሁት፤ አልለቅም አለ፤
አፈሩ ሥሩ ላይ፣ እንደ ጠገበ እንግዳ፣ ተደላድሎ የተቀመጠ መሰለ።
«አንድ ተክል ነው» አለች ሎርና፤ «አንድ ተክል ምንም አይደል፤
ከርሞ ይደገም፤ ደግሞ ይቆጠር።» እጇ ግን ይንቀጠቀጣል።

ዴልበርት በማግስቱ መጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤
ሥሩን አሸተተ፤ ዝም ብሎ ቆየ፤ አፈሩን በጣቱ ጫፍ ዛቀ፤
ሎርና «ተው!» ሳትለው ምላሱ ላይ አደረገው።
በእሱ ቋንቋ «በሞቴ» የለም፤ «ብላ» ብሎም ማንም አልለመነው።
ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመ።

«ጥሩ ነው» አለ፣ «ትንሽ ይቀረዋል።»

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት
ባልዲው ውስጥ ይጠብቀኛል።