ዘይት የጠጣ ገጽ

ከጋሽ ማንደፍሮ ላስቲክ፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር፣
መጽሐፍ ተከራየሁ፣ ለሁለት ቀን አሥር ብር።
ሽፋኑ የወለቀ፣ ማዕዘኑን አይጥ የቀመሰው፣
ስንት ጣት እንደገለጠው፣ ስንት እንባ እንዳራሰው
ከገጹ ይሸታል።
ሁለቱንም ሌሊት፣ በስልኬ መብራት፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሳሳድዳት፣ ሳሳድዳት፣
ልጅቱ ከደጁ ደርሳ፣ እጀታውን ይዛ፣
ልትከፍተው ስትል አለቀ ገጹ፤ እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ።
ከዚያ ወዲያ ክር ነው። የደረቀ ሙጫ።
ጋሽ ማንደፍሮ ሳቀ፦ «መች አስከፈልኩሽ ለመቋጫ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከይበልጣል ቪዲዮ ቤት፣
አርባ ሰው ባንድ ክፍል፣ ባንድ ላብ፣ ባንድ ሙቀት፣
ቋንቋውን አናውቀውም፤ እንባውን ግን እናውቃለን።
ጀግናው ከገደል አፍ፣ ከኋላው ጥይት፣
እጁን ዘረጋላት
(«ዝለይ!» ይመስለኛል ያላት)
ድርግም።
መብራት ሄደ።
ከደጅ ቆመን ተከራከርን፣ ሐይቁ ጠቁሮ እስኪመሽ፤
ይታክቱ «ይሞታል» አለች፤ ወንድሟ፣ «አንቺ ምን አውቀሽ!»
ባጃጅ ነጂው እንኳ፣ ፊልሙን ያላየው፣
«ያገባታል!» ብሎ ፈርዶ ነዳ፤ ማን ሊጠይቀው?

ካሜራዬ ስልክ ነው፤ ያውም መስታወቱ የተሰነጠቀ፤
የማነሣው ሁሉ በግራ ጥጉ መብረቅ የወደቀ
ይመስላል።
ጣና ላይ መብረቅ። ፔሊካን ላይ መብረቅ። በታንኳው ደንገል።
በአክስቴ ልጅ ሰርግ፣ በሙሽሮቹ መሐል።
(አክስቴ እስከ ዛሬ ታየኛለች በጎን።)
ስልኩም ሞልቷል፤ አንዱን ለማንሣት አንዱን እሰርዛለሁ፤
ትናንት ለአንድ ዓሣ አጥማጅ እጅ ስል፣
መረቡ እምቦጭ ብቻ ይዞ ለወጣበት፣
ሦስት ጀምበር አጠፋሁ። ጀምበሮቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ግን ረሃብ አለ። ረሃብ መች ክፍል ሁለት ይጠብቃል?
ከእትዬ ጥሩሰው መጥበሻ ዘይቱ ስሜን ጠርቶኛል።
ቆረሶው ሲንጣጣ፣ ጅራቱ ሲኮራመት፣
ሎሚ ጨምቃበት፣ ዳጣ ደርባበት፣
በወረቀት ጠቅልላ፣ «ያቃጥላል፣ ቀስ!» አለችኝ።
ማን ቀስ ይላል!
የተለበለበ ጣቴን እየላስኩ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣
እሾሁን እየለቀምኩ፣ እስከ ጅራቱ ጨረስኩ።
በዚህ ሳምንት እስከ መጨረሻው የደረስኩበት ነገር
ዓሣው ብቻ ነበር።

እጄን ልጠርግ ስል ወረቀቱን አየሁት፦
ገጽ ሁለት መቶ ዘጠኝ።
የእኔዋ ልጅ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ነው የቀረችው!
ልቤ ከድንጋዩ ወርዳ ውሃ ረገጠች።
አይደለችም። ስለ ንብ ማነብ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።
«ንግሥቲቱ ከቀፎው ከወጣች በኋላ…» ይላል፤
ቀሪውን ዓሣው በልቶታል።

ግን ዘይቱ ወረቀቱን እንደ ዓሣ ክንፍ ስስ አድርጎት፣
የፊቱ ፊደል ከጀርባው ፊደል ጋር ተጋብቶ፣
ከፍ ባደርገው ጀምበር ከኋላው በርቶ፣
በመስመሮቹ መካከል ታንኳ ይሄዳል፤
በ«ሀ» እግር ሥር ገብቶ በ«ነ» አንገት ይወጣል።
ቀዛፊው መቅዘፊያውን አግድሞ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና
አንድ «ተ» ሆነ፤
ከየትኛው ቃል እንደወደቀ አላወቅሁም።

ስልኬን አወጣሁ። «ቦታ የለም።»
አክስቴ ይቅር ትበለኝ፣
ሙሽሮቹን ሰረዝኳቸው።
አነሣሁት። መብረቁም አለ በጥጉ፤
እንደ እጀታ ሆኖ፣ በሰማዩ ደጅ ላይ።

ነገ መጽሐፉን ስመልስ፣ ከሁለት መቶ ስምንት ቀጥሎ
ያቺን ቅባታም ገጽ እወሽቃታለሁ።
ከእኔ በኋላ የሚከራየው ሰው
ልጅቱ በሩን ስትከፍት ቀፎ ያገኛል፤
ከቀፎው ጀርባ ደግሞ የዓሣ ሽታ።
ለጋሽ ማንደፍሮ እንዳትነግሩት አደራ፤
መቋጫ አለው ካለ፣ ኪራይ ይጨምራል።